የባዩሽ እምቢተኞች

ቀንድ አውጣ እጠላለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ የጓሯችን አጥር ላይ ሲሳብ ካየሁ ያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም ነበር። እና እኔ ማኅደር፣ አሜሪካን የሚያህል ሰፊ አገር መጥቼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ የተጋራሁት ከማን ጋር መሰላችሁ? ቀንድ አውጣ በማርባት ደሞዝ ከሚከፈላት ሴትዮ ጋር። ዕድሌ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሴትዮዋ እትዬ ባዩሽ ናት። አምሳን አልፋለች፣ ድምጿ አይሰማም፣ ስትራመድ ወለሉም አያውቃት። የከሚሴ ልጅ ናት፣ ቤታቸው ቦርከና ወንዝ አጠገብ ነበር። ዲቪ ደርሷት መጣችና እንደ ሁላችንም የሆቴል አልጋ አነጠፈች፣ ሴቨን ኮርነርስ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆማ ዋለች። ኋላ የቤተ ክርስቲያን ወዳጇ "አንድ የምርምር ቦታ ጽዳት ይፈልጋሉ" አለቻት። ለጽዳት ገባችና ቀንድ አውጣ ክፍል ውስጥ ቀረች። ስታበላቸው፣ ውኃ ስትቀይርላቸው ያዩ አለቆቿ ከመጥረጊያው አላቀቋት።

እኔ አሌክሳንድሪያ አንድ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው። ጠዋት ገብቼ ከቀትር በኋላ እወጣለሁ። ቤት ስገባ "ዛሬ ምን በላሽ?" ስላት እሷ "ዛሬ ሰላጣው ትኩስ ነበር፣ ጥርግ አደረጉት" ትለኛለች። "ኧረ አንቺን ነው የጠየቅኩት!" እላታለሁ። ትስቃለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ አንገቷን ቀለስ ታደርግና ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ትሰጣለች፣ አንድ ሰው ከወዲያ የሚያንኳኳ ይመስል። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት እየረበሻት መስሎኝ ነበር።

አንድ በረዶ የጣለ ቀን መኪናዋ አልነሳ አለና ኮል አደረገችኝ። ፒክ ላደርጋት ስሄድ "ግቢ፣ ውጭ ይበርድሻል" ብላ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። በስመ አብ! ክፍሉ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ የኩሬ ሽታ አለው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የመስታወት ገንዳ ነው። በየገንዳው ውስጥ ጠፍጣፋ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ቀንድ አውጣዎች መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ይልሳሉ። ጥግ ላይ አንድ አሮጌ የአየር ፓምፕ ድም፣ ድም፣ ድም ይላል። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ።

የሚጠናው ቢልሃርዝያ ነው። እትዬ ባዩሽ እንዳስረዳችኝ ትሉ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አያልፍም፣ መሀል ላይ ቀንድ አውጣ ያስፈልገዋል። ውኃ ውስጥ ይፈለፈልና ዋኝቶ ቀንድ አውጣውን በስቶ ይገባል። እዚያ ተደላድሎ ይራባል። አንዱ ሺህ ሆኖ ይወጣና ወንዝ ውስጥ እግሩን የነከረ ሰው ቆዳ ፈልጎ ይገባል።

"እነዚህ ሁሉ ያስገቡታል" አለችኝ ረጅሙን መደዳ እያሳየች። "ቤት ለእንግዳ ይሉታል፣ እሱ ግን ከውስጥ ይበላቸዋል።" ከዚያ ጥግ ላይ፣ ፓምፑ አጠገብ ወዳለው ገንዳ ወሰደችኝ። እዚያ ያሉት ጠቆር ይላሉ። "እነዚህ ግን እምቢ ይላሉ።"

"እንዴት ነው ቀንድ አውጣ እምቢ የሚለው?"

ኮምፒውተር ከፍታ በማይክሮስኮፕ የተቀረጸ ፊልም አሳየችኝ። መሀል ላይ ትሉ አለ፣ እንደ ትንሽ ጣት ይንቀሳቀሳል። ከዳር ከዳር ነጫጭ ክብ ነገሮች ብቅ አሉ። አንዱ መጥቶ ትሉ ላይ ተለጠፈ። ሌላው እላዩ ላይ ተደረበ። ከዚያ ብዙ ሆነው በአንዱ ላይ አንዱ እየተነጠፈ ከበቡት፣ ሸፈኑት፣ አፈኑት። ትሉ መንቀሳቀሱን ተወ። መቼም ለትል አላዝንም፣ ግን ፊቴን ከስክሪኑ አዞርኩ።

"ደማቸው ውስጥ ያሉ ጠባቂዎች ናቸው" አለች። "ገና ሲገባ ያውቁታል። ይሄ የኛ አይደለም ይላሉ። ደማቸው ደግሞ ቀይ ነው ማኅደር፣ እንደኛ።"

"ማን አስተማራቸው?"

"ማንም። ከእናታቸው ይዘውት ነው የሚወለዱት።"

ይህን ስትል መስታወቱን በጣቷ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችው። ፓምፑም ድም፣ ድም ይላል። ወደ ቤት ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

ታላቅ ወንድም ነበራት፣ ክፍሉ የሚባል። ቦርከና ውስጥ ሲዋኝ ያደገ ልጅ ነው። ኋላ ሰውነቱ ከሳ፣ ሆዱ ግን አበጠ። የሰፈር ልጆች ከበሮ ይሉት ጀመር። እሱ ደግሞ ተጫዋች ስለነበር እንዳታለቅስ ብሎ፣ እውነትም የሆዱን ቆዳ በጣቶቹ እንደ ከበሮ እየመታ ያስቃት ነበር። ድም፣ ድም፣ ድም። አንድ ቀን ደም አስታወከውና ጢሙ እንኳ ሳያቀመቅም ሞተ። "ከዚያ ወዲህ እሰማዋለሁ" አለችኝ። "የትም ብሄድ። እዚህ አገርም ተከትሎኝ መጥቷል። ጥጉ ገንዳ አጠገብ ስሆን ግን የሚያስቀኝ ይመስለኛል።"

ምን ልበላት? እኔ እንደዚህ ያለ ነገር አልወድም፣ እፈራለሁ። "ፓምፑ ነው እትዬ ባዩሽ" አልኳት። እሷም "ይሆናል" አለች።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ እናቷ እማማ ውቢት መጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሰባን ያለፉ ሴትዮ ናቸው። ሻንጣቸው ሲከፈት በርበሬና ሽሮ ይወጣል ስል፣ ከላይ የወጣው አንድ ከረጢት ሙሉ የደረቀ እንዶድ ነው። "ነጭ ልብስ በዚህ አገር ሳሙና የሚነጣ መስሏችሁ ነው?" ብለው እንዶዱን እኛ የከለከልናቸው ይመስል ገላመጡን። የነጭ ሽንኩርት መውቀጫዬን ወስደው ወቀጡት፣ በጥብጠው አረፋውን አስነሱት፣ ነጠላቸውን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አሹት። ሕንፃው ሥር የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ ብላቸው "እሱ የማንን ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ በምን አውቃለሁ?" አሉኝ። ወደድኳቸው፣ እውነቴን ነው።

አንድ ነገር ግን ታዘብኩ። የልጃቸውን ስም አይጠሩም። የሞተውን ማለቴ ነው። "ያ ልጅ" ነው የሚሉት። እትዬ ባዩሽ ወደ ጎን ጎተት አድርጋኝ ነገረችኝ፦ ከተቀበረ በኋላ የጤና ሠራተኞች መጥተው ቀንድ አውጣውን በሥዕል አሳዩዋቸው፣ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድልም ነገሯቸው። ከዚያ ወዲያ እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዶድ እየወቀጡ ቦርከና ውስጥ ይደፉ ነበር። ዓመት በዓመት። ወንዝ ያልቃል እንዴ? ሰው አበዱ ይላቸው ነበር። ልጅቷ እንጀራዋን በምን እንደምትበላም ነግራቸው አታውቅም፣ "ላብራቶሪ ነው የምሠራው" ብቻ ብላቸዋለች።

በዚሁ ሰሞን የበጀት ነገር መጣ። የምርምር ቦታው ሊዘጋ ነው ተባለ። ሌሎቹ ገንዳዎች ይደፋሉ። እምቢተኞቹን አንድ ሩቅ ከተማ ያለ ተመራማሪ ሊወስዳቸው ፈልጓል፣ ግን ወረቀቱ ሳምንታት ይፈጃል፣ መብራቱ ደግሞ ከዚያ በፊት ይጠፋል። ያ ዘር በዓለም ላይ እዚያች ጥግ ገንዳ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፣ ከጠፋ ጠፋ። አለቃዋ ዶክተር ሊንዳ አለቀሰች አለችኝ። እትዬ ባዩሽ ግን አላለቀሰችም። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በሁለት እጇ አንድ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን አቅፋ በሬን አንኳኳች።

"አይሆንም!" አልኳት ገና ሳትናገር።

"እማዬ እኔ ክፍል ነው የምትተኛው። እንዳታይብኝ። ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ይቀመጥ፣ መብራቱን እኔ አስተካክለዋለሁ።"

"ኧረ በማርያም! ትሉስ?"

"አንድም የለባቸውም። ተወልደው ትል አይተው አያውቁም፣ ንጹሕ ናቸው። ማኅደር፣ እኔ ሌላ ምንም የለኝም።"

እንደዚያ ስትል ምን ትላላችሁ? ጫማዎቼን ወደ ጎን ገፍቼ ቦታ ሰጠኋት። ክዳኑ ላይ በወፍራም ማርከር፣ በአማርኛ፣ "ክፍሉ" ብላ ጽፋበታለች።

የኢትዮጵያ እናት እንግድነት ስትመጣ ምን እንደምታደርግ እኔም እሷም ረስተነዋል፣ እንዴት እንደረሳነው እንጃ። እናት ባለችበት ቤት የተዘጋ ክፍል የሚባል ነገር የለም። በማግስቱ እማማ ውቢት የልጃቸውን ልብስ ጨርሰው "ይቺ የሰው ልጅም ስትደክም ነው የምትውል" ብለው አዘኑልኝ፣ የኔን አንሶላ ሊያጥቡልኝ ገቡ። ከዚያ የቆሸሸ ልብስ ካለ ብለው ቁም ሳጥኔን ከፈቱ።

ከአሌክሳንድሪያ ተመልሼ በሩን ስከፍት የእንዶዱ ሽታ ተቀበለኝ። አልጋዬ ተገፍፏል። ቁም ሳጥኑ ተከፍቷል። "እማማ?" ብዬ ተጣራሁ። ብቻ ከመታጠቢያ ቤቱ ድም፣ ድም፣ ድም ይሰማል። ስገባ እማማ የገንዳው ጠርዝ ላይ፣ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ፣ ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እጃቸው አይንቀሳቀስም። ቧንቧውም ተዘግቷል። ሳጥኑ በነጭ አረፋ ተሞልቷል። ከአረፋው ሥር፣ ከሰላጣ ቅጠል መሀል፣ ቀንድ አውጣዎቹ ዛጎላቸው ውስጥ ተሸጉጠው፣ ከየዛጎሉ አፍ ቀይ ነገር እየፈሰሰ ነው። ስለነሱ አለቅሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ግን እንባዬ መጣ።

"አንቺ ነሽ ያመጣሽው?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አይደለሁም እማማ።"

"እና ይህን ማን ጻፈው?" ክዳኑን አነሱት። ማንበብ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምረዋል። ጣታቸው ስሙ ላይ ነው።

እትዬ ባዩሽ ስትገባ ገና ኮቷን ሳታወልቅ ሽታው ነገራት። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። እማማ ተነሡ፣ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጡና ልጃቸውን በእጃቸው ደረቷን ገፏት። "የወንድምሽን ገዳይ ሰላጣ ታበያለሽ? በስሙ ትጠሪዋለሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ስገድለው የኖርኩትን አንቺ እዚህ ታሳድጊዋለሽ?"

እትዬ ባዩሽ ጮኻ አታውቅም፣ ያን ቀን ጮኸች። "እነዚህ አይደሉም የገደሉት! እነዚህ እምቢ ያሉት ናቸው እማዬ! ትሉ ሲገባባቸው ከበው ያፍኑታል፣ አያሳልፉትም! ቦርከና ውስጥ የነበሩት እነዚህ ቢሆኑ ኖሮ ክፍሉ አይሞትም ነበር!"

ስሙ ጮክ ተብሎ ሲጠራ እማማ በጥፊ የተመቱ መሰሉ። ተመልሰው ተቀመጡ።

"እምቢ ማለት ይቻላል?" አሉ።

"እነሱ ይችላሉ።"

"ማን ሰጣቸው?"

እትዬ ባዩሽ አየችኝ። ሁለታችንም መልሱን እናውቃለን፣ ሁለታችንም ልንናገረው አልፈለግንም። ግን ውሸት የማታውቅ ሴት ናት። "ከእናታቸው ይዘውት ይወለዳሉ" አለች።

እማማ ውቢት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "እና እኔ ለልጄ ምን ሰጠሁት?"

ወይ አምላኬ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ሁለተኛ አያሰማኝ። እትዬ ባዩሽ ተንበርክካ እናቷን አቀፈቻቸው። "ሰው እንደዚያ አይደለም እማዬ። ማንም እናት ያን አትሰጥም። መድኃኒት ነበረው፣ እኛ ዘንድ አልደረሰም እንጂ። ያንቺ አይደለም። ያንቺ አይደለም እኮ!" ሰሟትም አልሰሟትም አላውቅም።

እኔ መቆም ስላልቻልኩ ሳጥኑን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። እጄን ከተትኩ፣ አዎ፣ እኔ! ቀንድ አውጣዎቹ አልቀዋል። ግን በአንድ በኩል እትዬ ባዩሽ እንቁላል እንዲጥሉበት የምታስቀምጥላቸው ቁራጭ ስፖንጅ ተንሳፍፏል። ገልብጬ ሳየው ሥሩ ላይ እንደ ጄሎ የጠራ፣ ለስላሳ ጠፍጣፋ ነገር ተለጥፏል፣ ውስጡ ነጠብጣብ አለው። "እትዬ ባዩሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ነጥቃኝ ብርሃን ላይ አየችው። ወዲያው ለዶክተር ሊንዳ ኮል አደረገች። ዶክተሯ መጀመሪያ ሳጥኑ እንዴት ቤት እንደገባ ጠይቃ ተቆጣቻት፣ ከዚያ በረደች። እንዶድ ትልልቆቹን እንጂ እንቁላሉን ብዙውን ጊዜ አይገድልም አለቻት፣ ግን ማረጋገጫ የለኝም፣ ቶሎ በንጹሕ ውኃ እጠቢው። እትዬ ባዩሽ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ያሳደረችው ውኃ በጠርሙስ ነበራት። ግን ስፖንጁን በሁለት እጇ ይዛ ጠርሙሱን መክፈት አልቻለችም። ያን ጊዜ እማማ ውቢት ተነሡና ከእጇ ተቀበሏት። "አሳዪኝ፣ እኔ ላፍስስ" አሉ። ያው እንዶዱን ያፈሰሰ እጅ ውኃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። እማማ የኔን ክፍል ወረሱት። እንቁላሉ ያለበትን ብርጭቆ የመስኮቴ ደፍ ላይ አድርገው፣ ወንበር ስበው፣ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይቀመጣሉ። ከሥራ ስመለስ ድም ድሙ አለ። የሕንፃውን ጠጋኝ ጠርቼ ቧንቧውን አስፈተሽኩት፣ ማሞቂያውም ከጠፋ ቆይቷል፣ ምንም የለም አለኝ። እማማ እየሰሙ እንደሆነ ከአንገታቸው አውቃለሁ፣ እንደ ልጃቸው ቀለስ ያደርጉታል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "እማማ፣ እርስዎም ይሰማዎታል?" አልኳቸው። "መቼ ዝም ብሎ ያውቃል" አሉኝ። "ሆዴ ሞልቶ እንዳይፈስ ብዬ ነው ስሙን የማልጠራው። ስጠራው ይበረታብኛል።"

አንድ ጠዋት ለሥራ ጫማዬን ሳስር ጮኹ። "ማኅደር! ነይ፣ ዓይኔ ነው?" ብርጭቆው ላይ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ አንድ ጥቁር ነገር ይሳባል። ከዚያ አጠገቡ ሌላ። ከዚያ ሌላ። እትዬ ባዩሽ ፒጃማ ለብሳ ሮጣ መጣች፣ ሦስታችንም ግንባራችንን መስኮቱ ላይ አጋጨን። እማማ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መለሱት። ቤታችን ውስጥ እልልታ ሊመታ የነበረው ለቀንድ አውጣ ነው፣ ጉድ በሉ።

ወረቀቱ ሲያልቅ ያ የሩቅ ከተማው ተመራማሪ ኮሌጅ ፓርክ ከሚገኝ ወዳጁ ዘንድ መጥቶ እንደሚጠብቀን ዶክተር ሊንዳ ነገረችን። እኔ ነዳሁ። እማማ ከኋላ ተቀምጠው፣ ብርጭቆውን ባጠቡት ነጠላ ጠቅልለው አቅፈውታል። "በንጹሕ ውኃ ነው ደጋግሜ ያለቀለቅኩት፣ እንዶድ የለበትም" አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሰውየው ጎልማሳ ነው፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ማቀዝቀዣ ሳጥን ይዞ ቆሟል። እትዬ ባዩሽ አስተዋወቀችን፣ ስለ ምግባቸው፣ ስለ ውኃቸው አስረዳችው። ከዚያ እጁን ዘረጋ። እማማ አልሰጡትም። ብርጭቆውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

"ስማቸው ክፍሉ ነው በይው" አሉ።

እትዬ ባዩሽ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ሰውየው "ክፍሉ" አለ፣ ጥሩ አድርጎ ነው የጠራው። እማማ ነጠላውን ገለጥ አድርገው አፋቸውን ወደ ብርጭቆው አስጠጉ። አጠገባቸው ስለቆምኩ ሰማኋቸው።

"እምቢ በል" አሉት። "እናትህ ናት ያለችህ። እምቢ በል፣ ክፍሉዬ።"

ከዚያ ሰጡ።

ስንመለስ እትዬ ባዩሽ ከፊት ከጎኔ ናት፣ ሁለት እጇ የቦርሳዋ እጀታ ላይ። ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። የቀለበት መንገዱ ላይ ስንወጣ ከኋላ ተጀመረ፤ ድም፣ ድም፣ ድም፣ ቀለል ያለ፣ የሚጫወት ሰው አመታት። በመስታወት አየሁ። እማማ ውቢት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ባዶ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግተዋል፣ አይንቀሳቀሱም። አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ያ ነጠላ ብቻ አለ።

"እማማ" አልኩ። "ማነው የሚመታው?"

እትዬ ባዩሽ መሳቅ ጀመረች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ልክ እንደ ትንሽ ልጅ።

"ተይው፣ ይምታ" አሉኝ እማማ። "ክፍሉ ነው።"

ሬዲዮውን ዘጋሁት።